ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ዙር

ሐሙስ ጥቅምት 15 ቀን 2039 ዓ.ም.፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ዶክተር ናርዶስ ዘውገ ይርዳው ንጋቱን በሰባት እንግዶች ፊት ሰደበችው። ቦታው ጉና ተራራ ወገብ ላይ፣ ሰማይ ከሚያደምጠው ትልቅ ዲሽ እግር ሥር ነው። እሷ ግራጫ ሹራብ ለብሳ በቀኝ እጇ የሻይ ብርጭቆ ይዛ ነበር፤ ሻዩ ተጋምሷል። እሱ የዲሹን ማዞሪያ ኩሽኔታ ሲቀባ አርፍዶ እስከ ክርኑ ግራሶ በግራሶ ነው።

እንግዶቹ ስለ ጥቁር ጉድጓድ እየጠየቋት ነበር። ይርዳው የግራሶ ጨርቁን እጁ ላይ እየጠቀለለ ጠጋ አለና፣ «ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ብርሃን እንኳ ገብቶ የማይወጣበት ከሆነ፣ መኖሩን ማን ገብቶ አይቶ፣ ወጥቶ ነገረን?» አላት። የክፋት ጥያቄ አልነበረም። ሳምንቱን ሙሉ ሲያብሰለስለው የከረመ ነገር ነው።

ወደ እሱ እንኳ አልዞረችም። ለእንግዶቹ ፈገግ እንዳለች፣ «ጥቁር ጉድጓድ ማየት ከፈለግህማ መስታወት እይ! ትምህርት ገብቶ ያልወጣበት ጭንቅላት ተሸክመህ የለ?» አለች።

ስድስቱ ሳቁ። ሰባተኛዋ፣ ነጭ ሻርፕ ያደረገች ሴትዮ፣ አንገቷን ደፋች። ይርዳው እስከ ዛሬ ድረስ ለዚያች ሴትዮ ዕድሜ ይለምንላታል።

ነገሩ በዚያ ቢቀር ኖሮ ምናልባት ይረሳ ነበር። ግን የዚያኑ ቀን ከሰዓት ሹፌሩ «ጉድጓዱ» ብሎ ጠራው። በሳምንቱ ዘበኛው ተቀበለ። በወሩ ጋሳይ ገበያ ደረሰ። ሲያገባ ሚዜዎቹ «የጉድጓዱ ሙሽራ ገብታ እንዳትቀር» እያሉ ጨፈሩ፤ ሙሽራዪቱ አብራ ሳቀች። ልጁ ትምህርት ቤት ስትገባ አስተማሪው ስም ሲጠራ «ሃይማኖት ይርዳው» ካለ በኋላ «የጉድጓዱ ልጅ ነሽ አይደል?» አላት። ሰው ስም ካወጡለት በኋላ ስሙ ቆዳው ነው፤ አይወልቅም። ሠላሳ አምስት ዓመት ሌላ ሰው ባወጣለት ስም ኖረ።

ይርዳው የማይረሳ ሰው ነው። በኋላ እንጀራ የሆነለትም ይኸው አለመርሳቱ ነው።

በ2058 ዓ.ም. ምስል፣ ድምፅና ጽሑፍ ከማስረጃነት ወጡ። ማሽን ሁሉንም ከሰው አስበልጦ መሥራት ከቻለ በኋላ፣ የሞተ አባት ስልክ ደውሎ ርስት ሲናዘዝ፣ ያልተወለደ ልጅ የልደት ፎቶ ሲያቀርብ፣ መንግሥት የዓይን ሕግ አወጣ። በሕጉ መሠረት በሕይወት ያለ ሰው በዓይኑ ያላየው ነገር የለም። ከዚያ ወዲህ ሰው በሬ ሲገዛ ዓይን፣ ማለትም የሚያይለት እማኝ፣ ይዞ ይሄዳል። እናቱን ሲቀብር ዓይን ያቆማል። ሐኪም ያዘዘለትን ኪኒን በዓይን ፊት ይውጣል፤ ካልሆነ እንዳልዋጠ ይቆጠራል። ልጅም ዓይን በሌለበት ከተወለደች፣ ዓይን እስኪመጣ ድረስ ትጠብቃለች እንጂ አልተወለደችም።

ደብረ ታቦር ገበያ ዳር ረጅም አግዳሚ አለ። እዚያ የሚቀመጡት ሥራቸው ማየት ነው። ጠዋት ይመጣሉ፣ ቆባቸውን ጉልበታቸው ላይ ያደርጋሉ፣ የሚጠራቸውን ይጠብቃሉ። ከእነሱ መሃል ይርዳው አንደኛ ነበር። ሻጩ በየትኛው እጁ የበሬውን ቀንድ እንደያዘ ከአሥር ዓመት በኋላ ይናገራል። ሰዎች ከሩቅ ወረዳ እሱን ብለው ይመጣሉ። «የይርዳው ዓይን ያየው አይታጠብም» ይባላል። ፊት ለፊት አቶ ይርዳው ይሉታል፤ ዞር ሲል ግን ያው ጉድጓዱ ነው።

የመማሪያ መጻሕፍትም ለሕጉ ተገዙ። በየዓመቱ ነሐሴ ላይ ምላጭ የያዙ ሰዎች በየትምህርት ቤቱ ይዞሩና ዓይን የሌለውን ገጽ ላጭተው ይሄዳሉ። ከሦስት ዓመት በፊት የጨረቃ ጀርባ ተላጨ። ባለፈው ዓመት የደቡብ ዋልታ በረዶ ሄደ፤ ረግጦት የመጣው የመጨረሻው ያገር ሰው ሞተ። ተሕዋስያን ግን ቀርተዋል፤ በማጉያ መነጽር ጎንበስ ብሎ የሚያያቸው አልጠፋም። ማንም አላለቀሰም። መጽሐፉ ቀሎ፣ የልጆች ጀርባ ተቃና።

ታኅሣሥ 2074 ላይ ሁለት መልእክተኞች ወደ አግዳሚው መጡ። ደብዳቤ የሚያምን ስለሌለ መጥሪያ በሰው አፍ ነው የሚመጣው፤ አንዱ ይናገራል፣ ሌላው መነገሩን ያያል።

«አቶ ይርዳው ንጋቱ?»

«ነኝ።»

«ዶክተር ናርዶስ ዘውገ በቁራኛ ትፈልግሃለች። ያገኘችው የጉና ጥቁር ጉድጓድ ከመጽሐፍ ሊላጭ ነው።»

አጠገቡ የተቀመጠው ሽማግሌ ክርኑን ጎሸም አደረገና፣ «በለው! ጉድጓዱን ለጉድጓዱ!» ብሎ ሳቀ። ይርዳው አልሳቀም። ቆቡን ከጉልበቱ አንስቶ ጭንቅላቱ ላይ አደረገ። ደስ ብሎታል።

ቁራኛ የድሮ ሰው ሕግ ነው። ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላ ለነጠላ ተቋጥረው፣ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ አብረው ይበሉ፣ አብረው ይተኙ ነበር። የዓይን ሕግ ሲወጣ ይህንንም ከመቃብር አወጡት። ሦስተኛ ሰው መሃል ገብቶ እንዳይደልል፣ እማኙና እማኝ ፈላጊው ሦስት ቀን አንድ ላይ ይታሰራሉ። በነጠላው ፋንታ አሁን ሲራራቁ እጅ የሚስቡ ሁለት አምባር ናቸው፤ ሰው ግን «ጠፍር» ይላቸዋል። ከተማው ለዚህ ተበጅቷል። አውቶቡስ ላይ የቁራኛ ወንበር አለ። ፀጉር ቤት መንታ መስታወት አለው። መጸዳጃ ቤቱ መሃሉ ስስ ግድግዳ ነው፤ ባለጉዳዮች እያፏጩ ይጠቀማሉ።

የእማኝ ሸንጎ ሰብሳቢዋ ወይዘሮ እንጉዳይ የተባሉ ጠንካራ ሴት ናቸው። ጠፍሩን ራሳቸው ገጠሙላቸው።

«ስድስት እርምጃ። ከስድስት ካለፈ ጠፍሩ በራሱ ይፈታል። የተፈታ ቁራኛ ደግሞ አይታሰርም፤ ነገሩ ያኔውኑ ያበቃል። ገብቷችኋል?»

«ገብቶኛል» አለች ዶክተር ናርዶስ።

«አንተስ? እማኝ ጥሎ ከሄደ ዓይኑ ይታገዳል። ዕድሜ ልኩን። ሥራህ እሱ ነው ብለውኛል።»

«ገብቶኛል እመቤቴ።»

ዶክተር ናርዶስ ሰባ ሦስት ዓመቷ ነው። ፀጉሯ ነጭ፣ ጀርባዋ ጎበጥ ብሏል። ድምፅዋ ግን ያው ነው፤ የሻይ ብርጭቆ የያዘ ድምፅ። ፊቱን ቀና ብላ አየችውና፣ «ይቅርታ አቶ ይርዳው፣ ፊትዎን አላስታወስኩትም። ያን ጊዜ ብዙ ሠራተኞች ነበሩ፤ ስምዎን ያገኘሁት ከድሮ መዝገብ ነው» አለችው።

አራት ነበሩ። እሱ፣ ሹፌሩ፣ ዘበኛውና ረዳቷ። ሦስቱ ሞተዋል። ይርዳው ይህን ሁሉ አውቆ፣ «ልክ ነው ዶክተር፣ ብዙ ነበርን» አላት።

ከሠላሳ አምስት ዓመት በኋላ ዛሬ በእሷም አፍ አቶ ሆነ፤ እርስዎ ሆነ።

ምሳ ሊበሉ ገቡ። አስተናጋጁ ሳይጠየቅ የቁራኛ በያይነት አመጣ፤ አንድ ትሪ፣ መሃሉ በሽሮ ተከፍሎ። ከግድግዳው ላይ «ቁራኛ ለቁራኛ ማጉረስ ክልክል ነው» የሚል ተለጥፏል፤ ጉርሻ መደለያ ነውና። ዶክተር ናርዶስ ሳታነበው ጉርሻ ጠቅልላ ወደ አፉ ዘረጋች። አስተናጋጁ ከጓዳ በር፣ «ኧረ እማማ! ቤቱን ሊዘጉብኝ ነው!» ብሎ ጮኸ። እጇ አየር ላይ ቀረ። ራሷ ጎረሰችው።

ይርዳው የዚያን ቀን በልቡ ውል ገባ። ዋሽቶ ሊጎዳት አልፈለገም። የሚዋሽ ዓይን አይደለም። እንዲህ ብሎ ቆረጠ፦ በሦስቱ ቀን ውስጥ ማንም ሳይጎተጉታት፣ ራሷ አስታውሳ፣ «ያን ቀን በድዬሃለሁ» ካለች፣ የተጠየቀውን ይመሰክራል። ካላለች ግን ያየው ነገር ከእሱ ጋር መሬት ይገባል። ፍርዱን ለእሷ ሰጣት። አላወቀችም እንጂ ከሸንጎው በፊት ሌላ ሸንጎ ላይ ቆማለች።

ያየው ይህ ነው።

በዚያው ሐሙስ፣ ከስድቡ በኋላ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ የዲሹ ሞተር ተቃጠለ። እንግዶቹ ገና አልሄዱም፤ የምትፈልገው የሰማይ ቦታ ደግሞ በዚያ ቀን ካልተደመጠ ለወራት አይመችም። ከመስኮት ሆና በድምፅ ማጉያ፣ «በእጅ አዙሩት! ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ዙር!» አለች። ሹፌሩ ወገቤን አለ፤ ዘበኛው ሸሸ። የእጅ ማዞሪያውን፣ ማኖቬላውን፣ የያዘው ይርዳው ብቻ ነው። እንደ ጎሽ የከበደ ብረት ነበር። እንዳይሳሳት በየአሥሩ ዙር አንድ ጠጠር ቆቡ ውስጥ ይጥላል። በመቶ ሃያ መዳፉ ተላጠ። በሁለት መቶ ደሙ እጀታውን አንሸራተተው፤ በጠዋቱ ጨርቅ፣ በግራሶው ጨርቅ፣ ጠቅልሎ ቀጠለ። ሠላሳ አንድ ጠጠርና ሁለት ዙር። ሦስት ሰዓት ፈጀ። ሲጨርስ ዲሹ በሚዞርበት ሃዲድ ላይ የቆመበትን ቦታ በነጭ ቀለም ቀባና ወደ መስኮቱ፣ «ደርሷል!» ብሎ ጮኸ። አንዲት ዙር አላጎደለም። ሰው ሲሰድበው ሥራውን የሚያበላሽ አለ፤ ይርዳው ግን የባሰ አጥርቶ የሚሠራ ነው። ሰዳቢዋ ዶክተር ወጥታ ታየዋለች ብሎ ነበር።

አልወጣችም። የሰማዩ ሹክሹክታ በመሣሪያው ደርሷት ከእንግዶቿ ጋር እልል አለች። በዓመቱ ስሟ አገር አዳረሰ፤ ጉድጓዱ የጉና ተባለ። ረዳቷ የታተመውን ጽሑፍ ለይርዳው በአማርኛ አነበበለት። «ዲሹ ያለ ሰው እጅ፣ በሞተር ወደ ቦታው ዞረ» ይላል። ይርዳው ጠባሳ የያዘ መዳፉን አየ። ከዚያ ወር በኋላ ሥራውን ለቀቀ።

በሁለተኛው ቀን በአውቶቡስ ወደ ጉና ወጡ። ሸንጎው በማግስቱ ዲሹ ሥር ነው የሚቀመጠው። የቁራኛ ወንበር ላይ ክንድ ለክንድ ተጣብቀው እሷ ብዙ አወራች። ስለ ኮከቦቹ፣ ባዶ በሚመስል ቦታ ዙሪያ እንዴት እንደሚከንፉ፣ መሃላቸው የሚጎትት ነገር ባይኖር እንዴት በየአቅጣጫው እንደሚበተኑ። መንገድ ዳር አውድማ ላይ ገብስ በበሬ ይበራያል፤ ማሽን ያበራየው እህል ዓይን ስለማያገኝ በሬ ተመልሷል። ይርዳው በመስኮቱ አሳያት።

«እነዚያን በሬዎች ያዩዋቸዋል ዶክተር?»

«አያለሁ።»

«ይዞራሉ። መሃላቸው ምን አለ?»

«ምንም የለም።»

«ታዲያ ጉድጓድ አለ እንበል? አይዞሩም እንዴ? የሚያዞራቸው መሃል አይደለም፤ ከኋላ ጅራፍ የያዘ ሰው አለ።»

ፈገግ አለች፤ የድሮዋ ፈገግታ ልትሆን ምንም አልቀራት። «ከኮከብ ኋላ ጅራፍ የያዘ ማን ነው ታዲያ?»

«እሱን እርስዎ ይንገሩኝ እንጂ፤ የተማሩት እርስዎ ነዎት። እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው። የእኛ ሰው ያላየውን አላየሁም ይላል። የተማረ ሰው ያላየውን ስም ያወጣለታል። አንዴ ስም ካወጡለት በኋላ ያ ነገር አለ። ሰውም ቢሆን እንዲሁ ነው።»

መጨረሻዋን ቃል ጠበቅ አድርጎ ተናገራት፤ በር ከፈተላት ማለት ነው። ልብ ትላለች ወይ ብሎ ጆሮውን አቆመ። እሷ ግን ሌላ ነገር ላይ ነበረች።

«አቶ ይርዳው፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። እኔ ዲሹ ሲዞር አላየሁም። እንግዶች ነበሩብኝ፤ ከመሣሪያው ፊት ተነስቼ አልወጣሁም። 'ደርሷል' የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ጻፍኩት። በቃ። ዕድሜዬን ሙሉ ያስተማርኩት በአንድ ጩኸት ላይ ቆሜ ነው።»

«በሞተር ዞረ ብለው ነው የጻፉት፤ ተነቦልኛል።»

አንገቷን ደፋች። «በእጅ ዞረ ብል ያን ጊዜ አይቀበሉኝም ነበር።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬ በእጅ ካልዞረ አይቀበሉኝም።»

ይርዳው ሊስቅ ምንም አልቀረው። እሷ አምባሯን እየዳሰሰች ቀጠለች። «ያ የሰማይ ክፍል ዛሬ በሳተላይት ጫጫታ ተሞልቷል፤ ደግሞ መስማት የሚባል ነገር የለም። ያቺው አንዲት ቀን ናት ያለችኝ። ሌሊት ሌሊት ያባንነኛል፤ ባይደርስስ? ሰውየው ደክሞት ሁለት መቶ ላይ ቆሞ 'ደርሷል' ቢለኝስ? ታዲያ የሰማሁት ምን ነበር? የገበሬ ሬዲዮ ነበር?» እጁን ያዘችው። «ደርሷል አይደል? ብቻ እሱን ይንገሩኝ።»

ቀዝቃዛ እጅ ነው። መዳፉን ወደ ላይ ብትገለብጠው ኖሮ የድሮውን ጠባሳ ታየው ነበር፤ አልገለበጠችውም።

«ነገ ነው ዶክተር፣ ሸንጎ ፊት» አላት። ሕጉም እንዲሁ ነው፤ ከሸንጎ በፊት የተነገረ አይጸናም። እጁን ቀስ ብሎ አወጣ። ሠላሳ አምስት ዓመት እሱን ያባነነው ነገር ዛሬ እሷንም እንደሚያባንን ማወቁ እንደ ማር ጣመው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጉና ላይ ነፋስ ነበር። ዲሹ ዝጎ ወደ አንድ ጎን አዘንብሏል፤ ሆዱ ውስጥ ቁራ ጎጆ ሠርቷል። አምስት የሸንጎ ሰዎች ወይዘሮ እንጉዳይን መሃል አድርገው የእንጨት ወንበር ላይ ተደርድረዋል። ከአካባቢው ትምህርት ቤት የመጣ ሰውዬ ምላጩን በወረቀት ጠቅልሎ ከጎን ቆሟል፤ ፍርዱ እንደተሰጠ ገጹን የሚቆርጠው እሱ ነው። ጨዋ ሰው ይመስላል፤ ሁሉንም እጅ ነሥቷል።

ይርዳው ሃዲዱን በዓይኑ ተከተለው። ሣር ውጦታል፤ ግን አለ። ነጩ ቀለም፣ ከእጅ መዳፍ የማይበልጥ፣ ዝገት መሃል እንደ ጥርስ ብቅ ብሎ አለ። ማንም ምን እንደሆነ አያውቅም። ሄዶ በጫማው ሸፍኖት ቆመ። ጠፍሩ እሷንም ሳበና አጠገቡ ቆመች።

«ዶክተር፣ ተናገሪ» አሉ ወይዘሮ እንጉዳይ።

እሷም ተናገረች። መናገር መቼም ታውቅበታለች። ስለ ሐሙሱ ቀን፣ ስለተቃጠለው ሞተር፣ በእጅ መዞሩን ደብቃ ስለመጻፏ ሁሉንም አወጣች፤ ይህን ስትል ድምፅዋ ተሰበረ፣ ከሸንጎው አንዷ ከንፈሯን መጠጠች። ይርዳው ወደ እሷ ዞረ። እየቀረበች ነው። ከሰዓቱ ወደ ረፋዱ ወደ ኋላ እየተመለሰች ነው። አንድ አረፍተ ነገር ብቻ ቀራት። በውሉ መሠረት ሊመሰክርላት አፉ ውስጥ ቃሉን አዘጋጀ፤ እንዲህ ማድረጉ ራሱን ገረመው። ይቅር ሊላት እንደሚፈልግ እስከዚያች ደቂቃ አላወቀም ነበር።

ነፋሱ ጠነከረ። አንዱ የሸንጎ ሰው፣ ወፍራም ነጋዴ፣ አዛጋና፣ «ለመሆኑ ሰው ገብቶ ካልወጣበት መኖሩ በምን ታወቀ?» ሲል ጠየቀ።

ዶክተር ናርዶስ ፊቷ በራ። ሸንጎው እንደተሰላቸ አይታለች፤ ሰውን ማሞቅ ደግሞ የቆየ ሙያዋ ነው።

«አይ ጌታዬ፣ ይህን ጥያቄ በዚያኑ ቀን እዚሁ ቦታ ላይ አንድ ሰው ጠይቆኛል! አንድ ግራሶ ቀቢ ነበረን፤ ስሙ... ስሙ ጠፋኝ፣ እኛ ጉድጓዱ ነበር የምንለው። እሱም እንደ እርስዎ ጠየቀኝ። እኔም፣ ጥቁር ጉድጓድ ማየት ከፈለግህማ መስታወት እይ፣ ትምህርት ገብቶ ያልወጣበት ጭንቅላት አለልህ! አልኩት። ምስኪን፣ አፉን ከፍቶ ቀረ!»

አምስቱም ሳቁ። ነጋዴው ጉልበቱን መታ። ምላጭ የያዘው ሰውዬ እንኳ ፊቱን አዙሮ ፈገግ አለ። ወይዘሮ እንጉዳይ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። አንገቷን የደፋች ሴት ዛሬ አልነበረችም።

ዶክተር ናርዶስ እየሳቀች ወደ ይርዳው ዞረች፤ አብሮ እንዲስቅ። አልሳቀም። ፊቱን አየች። ዓይኗ ፊቱ ላይ ቆየ፤ ከዚያ ወደ እጁ ወረደ፤ ከእጁ ተመልሶ ወደ ፊቱ ወጣ። ሳቋ ከአፏ ሳይጠፋ ከዓይኗ ጠፋ።

«በሉ፣ ጸጥታ» አሉ ወይዘሮ እንጉዳይ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ይርዳው ንጋቱ፣ ዲሹ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ዙር ዞሮ ሲደርስ በዓይንህ አይተሃል?»

ይርዳው ጫማውን ከነጩ ቀለም ላይ አላነሣም።

ሕጉ ሦስት ጊዜ ይጠይቃል። «ይርዳው ንጋቱ፣ አይተሃል?»

ዶክተር ናርዶስ ጠጋ አለችው። በሹክሹክታ፣ እሱ ብቻ እንዲሰማ፣ «አንተ ነህ?» አለች። «እኔ... አንተ እኮ... ለምን አልነገርከኝም?»

ዘግይቷል። የታወሳት በደሉ አልነበረም፤ ቀልዱ ነው። ቀልዱ ባይነገር ኖሮ በደሉም አይታወስም ነበር።

«ለመጨረሻ ጊዜ እጠይቅሃለሁ» አሉ ወይዘሮ እንጉዳይ፤ አሁን አይስቁም። «ዓይንህ ይታገዳል። ነገ አግዳሚው ላይ ቦታ የለህም። ይርዳው ንጋቱ፣ አይተሃል ወይስ አላየህም?»

ቃሉ ምላሱ ላይ ነበር። ሠላሳ አንዱ ጠጠር፣ ሁለቱ ዙር፣ በደም የራሰው ጨርቅ፣ ሁሉም እዚያ ነበር። ዋጠው። ጫማውን ከነጩ ቀለም ላይ አነሣ።

አንድ እርምጃ። ሁለት። ከሸንጎው ሰዎች አንዱ «ወዴት ነው?» አለ። ሦስት። አራት ላይ ጠፍሩ እጁን ጨመደደው። አምስት። ወይዘሮ እንጉዳይ ከወንበራቸው ብድግ ብለው፣ «አንተ ሰው፣ ዓይንህን!» አሉት። ስድስትን አለፈ።

ጠፍሩ ቀጭ ብሎ ተፈታና ሣሩ ላይ ወደቀ።

ከኋላው የወረቀት ድምፅ ተሰማ፤ ጨዋው ሰውዬ ምላጩን እየፈታ ነው። ዶክተር ናርዶስ ግን ወደ ምላጩም ወደ ሸንጎውም አላየችም። ሃዲዱ ላይ እየተደናቀፈች ትከተለው ጀመር፤ እግሯ ነጩን ቀለም ረግጦ አለፈ።

«ይርዳው! ሸንጎውን ተወው! ለሸንጎው አትንገር! ለእኔ ብቻ... ደርሶ ነበር ወይስ አልደረሰም? ይርዳው! እኔ እንኳ ልወቅ!»

ስሙን ጠራች። በሠላሳ አምስት ዓመት ውስጥ «አቶ» ሳትለጥፍ፣ ከነቁጣዋ ከነልመናዋ፣ በገዛ ስሙ ስትጠራው ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

ይርዳው ቆቡን አጥብቆ ቁልቁለቱን ወረደ። ነፋሱ ድምፅዋን እስከ መንገዱ ድረስ ተከትሎ አመጣለት፤ እሱ ግን ለነፋሱ የሚመልሰው ምንም አልሰጠውም።